የጧት ጉርሻ

«አቶ ፍሬአብ፣ ናሙናዎን አምጥተዋል?»

ሰውየው ብልቃጡን አቀበላት። በአውራ ጣቱ ክዳኑን ሁለቴ ነካ አደረገው። ምልክቱ ትክክል ነበር። ፊልሙ ክዳኑ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጀሚላ በዚህ የካዛንቺስ ክሊኒክ «ሲስተር ብርነሽ» ተብላ ከገባች ሰንብታለች። ፍሬአብ፣ በምስጢር ስሙ «ድልድይ»፣ ባልደረባዋ ነው። እጮኛዋም ነው። ዛሬ ግን ለሕይወት መድን ሊመረመር የመጣው የጠላት ሰላይ የሆነችውን ልደትን አስከትሎ ነው። በትእዛዝ ቀርቧት፣ በትእዛዝ አግብቷት፣ ፊልሙን ሰርቆ እንዲያመጣ።

ፊልሙ ላይ ያለው አንድ ፊት ብቻ ነው፤ ድንበር ማዶ የተሰማራው የባልደረባቸው የፈየራ ፊት። ልደት ልትሸጥለት የተዋዋለችው ገዢ እጅ ከገባ ፈየራ በሕይወት አይመለስም።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ምግብ አልቀመሱም?»

«ውሃ ብቻ።»

ልደት የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። «ሲስተር፣ በቃ ቶሎ ጨርሺልን። ባሌ ረሃብ አይችልም።»

ባሌ። ጀሚላ ጣቱን ከሚያስፈልገው በላይ ጠለቅ አድርጋ ወጋችው። መለኪያው ቁጥሩን አሳየ።

የበላ ሰው ስኳር ነበር።

ጣቶቹን አገላብጣ አየች። ንጹሕ ናቸው። ከዚያ የልደትን ቀኝ እጅ አየች። ጥፍሮቿ ሥር የጨጨብሳ በርበሬ ቀልቶ ቀርቷል።

አጉርሳዋለች።

ጀሚላ ልታጎርሰው እጇን በዘረጋች ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። «ጉርሻ አልወድም» ይላት ነበር።

ቅናት ነው፣ አለች ለራሷ። ነገር ግን ዛሬ ጧት በላከው ሪፖርት መሠረት ከልደት ተለይቶ ያደረው ሰንጋ ተራ ብቻውን ነው፤ የሚያገኛት ክሊኒኩ በር ላይ ነው። ስለ ቁርሱ የዋሸ ሰው ስለምን አይዋሽም? ከመጋረጃው ጀርባ ክዳኑን ከፍታ ፊልሙን ወደ መብራቱ አነሳችው።

ምንም የለበትም።

«ወይዘሮ ልደት፣ የእርስዎም የደረት ራጅ ተፈልጓል። ቦርሳዎን ይዘው መግባት ይችላሉ።»

ልደት ቦርሳዋን ጨበጥ አደረገች። ራጅ ፊልም ያበላሻል። «እሱ ይያዝልኝ» ብላ ለፍሬአብ ሰጠችውና ወደ ራጅ ክፍሉ ገባች።

እዚያ ነው።

ብቻቸውን ሲቀሩ ቦርሳውን ከጭኑ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ከክንድህ ደም ልውሰድ። ዞር በል፣ ደም ስታይ ትዝለፈለፋለህ።»

«አትረሺም አይደል?» ፈገግ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ምንም አልረሳም።»

አንድ እጇ መርፌው ላይ፣ ሌላው ቦርሳው ውስጥ። ከፓውደሩ መስታወት ሥር የፊልሙ ጠርዝ ታየ። አወጣችው። ባዶውን ተካችበት።

«ጀሚላ፣ ምነው ቆየሽ?»

አንገቱ መዞር ጀመረ።

«መርፌው ይሰበርብሃል።»

አንገቱ ቆመ።

ልደት ተመልሳ ቦርሳዋን አነሳች፤ ጉንጩን ሳመችው። «ውጤትህን ጠብቅ፣ ስታዲየም እንገናኝ።» ባዶውን ፊልም ይዛ ወደ ገዢው ሄደች።

ጀሚላ መስኮቱን ከፈተች። ማዶ ጋዜጣ የሚያነቡት አለቃዋ፣ አቶ ተስፋማርያም፣ ጋዜጣቸውን አጠፉ። ሁለት ሰዎች አስከትለው ገቡ።

ፍሬአብ ገባው። «በምን አወቅሽ?»

«ቁርስ በልተሃል።»

«ስታጎርሰኝ እምቢ ልበላት? ነውር አይደለም?»

«እኔን እምቢ ስትል ነውር አልነበረም።»

ይዘውት ወጡ። አቶ ተስፋማርያም ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና ተነፈሱ። «ፈየራን አተረፍሽው፣ ልጄ። በምን ጠረጠርሽው?»

«የደም ስኳሩ ከፍ ብሎ ነበር።»

ሌላውን አልነገረቻቸውም።

ነጩን ጋውን ሰቀለችው፤ ሲስተር ብርነሽ እዚያው ሚስማሩ ላይ ቀረች። ወሎ ሰፈር አንድ ቁርስ ቤት ገብታ ጨጨብሳ አዘዘች።

«ማንኪያ ላምጣልሽ?» አለቻት አስተናጋጇ።

«ይቅር።»

በእጇ በላች። በርበሬው ጥፍሮቿ ሥር ገባ። ማንም ጣቶቿን ልብ ብሎ አላየም።