ሦስት እሑድ ከቅጥሩ ውጭ

ፀደንያ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞተች። ኢንስፔክተር የብርጓል ከሰዓት በኋላ ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ የሟች ወንድም ገዳሙ ጠመንጃውን አንግቶ በሩን ይዞ ቆሟል። እህቴን አማቷ በመርዝ ገደለቻት፤ ሕግ ካልፈረደ እኔ እፈርዳለሁ ባይ ነው። ጎረቤቱማ በልቡ ፈርዶ ጨርሷል። አምስት ዓመት ሙሉ ያልወለደች ምራት በድንገት ስትሞት ከአማቷ ሌላ ማን ይጠረጠራል?

«ትከሻዬን ትከሻዬን እያለች ነው የሞተችው» አለ ገዳሙ። «መርዝ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«አንተ የት ነበርክ?»

«እርሻዬ ላይ። ለቅሶውን ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

የብርጓል ገብታ ሬሳውን አየች። ከንፈሩና ጥፍሩ ነጥቷል፤ ሆዱ ተነፍቷል። ትውከት የለም፤ ትከሻው ላይም የምት ምልክት የለም።

አማቲቱ እማማ ታየች ጥግ ይዘው ኩርምት ብለዋል።

«ምን አጠጧት እማማ?»

«ዳማከሴ ነው ልጄ፤ ምች መስሎኝ። ሆዴን አለች፣ ቆይታ ትከሻዬን አለች። ልትነሳ ብትል ወደቀች። ምንጩ ሩቅ ነው፤ ውኃ ቀድቼ ስመለስ አልፋ አገኘኋት።»

«ትከሻዋን እንዳመማት ለማን ነገሩ?»

«ለማን ልንገር? ገዳዪቱ እያሉኝ ማን ያናግረኛል?»

የፀደንያ ባል፣ ፈንታ፣ ከይጁቤ ገበያ ገና መመለሱ ነው።

«ሚስትህ እርጉዝ ነበረች?»

«ኧረ የለም!» አንገቱን ደፋ። «አደፍ ላይ ነበረች፤ የወር አበባዋ ነው። ሦስት እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ ነው ያስቀደሰችው። አገሩ ሁሉ አይቷታል።»

«ሦስት እሑድ?»

ከዚህ በኋላ ማንንም አልጠየቀችም። ሬሳው ለምርመራ ተላከ፤ እሷም አንድ ስልክ ደወለች።

በማግሥቱ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የቀበሌው ሚሊሻዎች ከገዳሙ ጎን አልራቁም።

«መርዝ የለም። ፀደንያ እርጉዝ ነበረች።»

ግቢው ተንጫጫ።

«የሴት እንቁላል ከወንድ ዘር ጋር የሚገናኘው ወደ ማህፀን በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። ጽንሱ ከዚያ ወርዶ ማህፀን ውስጥ ያድጋል። የፀደንያ ግን ቱቦው ውስጥ ቀረ፤ ሲያድግ ቀደደው። ደሟ ሆዷ ውስጥ ፈሰሰ። ደሙ ወደ ላይ ሲደርስ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። የነጣችውም፣ ልትነሳ ስትል የወደቀችውም ደሟ አልቆ ነው። ሐኪሙም ይህንኑ አረጋግጧል።»

«ታዲያ አደፉስ?» አለ ፈንታ።

«የወር አበባ ከሳምንት ብዙም አያልፍም። ሦስት እሑድ የደማች ሴት ሐኪም ያስፈልጋታል። አገሩ ሁሉ አያት፤ ምን ሆነሽ ያላት ግን የለም።» ወደ ሟች ወንድም ዞረች። «ገዳሙ! የትከሻዋን ነገር ከእማማ በቀር የሰማ የለም። አንተ ከማን ሰማህ?»

የጠመንጃውን ማንገቻ ጨበጠ።

«ከራሷ ነው የሰማኸው። የወረዳውን አምቡላንስ ሾፌር በስልክ አነጋግሬዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደውለህለታል።»

ገዳሙ ጠመንጃውን አውርዶ ለሚሊሻው ሰጠና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ልጠይቃት ብመጣ ብቻዋን ትንፈራገጣለች። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ደወልኩ። መኪናዋ አንድ ናት፣ ቅድሚያ ለእርጉዝ ነው፣ እርጉዝ ናት ወይ አለኝ። ከቅጥሩ ውጭ ስትቆም አይቻት የለ? አይ፣ የወር አበባዋ ነው አልኩት። ያልፍላታል ብዬ ወደ እርሻዬ ሄድኩ።»

«እማማን ለምን ከሰስክ?»

«ሌላ ገዳይ ካልተገኘ ገዳዩ እኔ ልሆን ነዋ!»

እማማ ታየች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ፤ ነጻ በመውጣታቸው እንኳ አልተጽናኑም። ፈንታ ግን ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ።

«እርጉዝ ናት ቢለው ኖሮ አምቡላንሱ ይመጣ ነበር?»

የብርጓል ልትዋሸው ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«በአርባ ደቂቃ» አለችው።