ጀልባዋን ሳትነካ

«ቀዘቀዘሽ እንዴ እቴ?» አላት ታናሽ ወንድሟ ከጀልባዋ ላይ።

«አንተ ግባና እየው!»

አዋላጇ ነርስ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ውስጥ እስከ አንገቷ ገብታ ነበር። ከፊቷ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ውሃ፣ ከውሃው ማዶ ደሴቷ። እዚያ ምጥ የያዛት ሴት ወደ ጤና ጣቢያው የምትመጣው በመቅዘፊያ ጀልባ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ እየተንገላታች ነው። ባለፈው ክረምት አንዷ መሀል መንገድ ላይ ቀረች። አዋላጇ ጓንቷን አጥልቃ ዳር ላይ ስትጠብቅ፣ የደረሰላት ሬሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

የከተማው ሰዎች ለደሴቷ የሞተር ጀልባ ሊገዙ ቃል ገቡ፤ ግን ጀልባም ሰውም ሳትነካ ዋኝታ ከተሻገረች ብቻ። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ግማሾቹ ቃል የገቡት እየሳቁ ነበር።

ወንድሟ የሚቀዝፋት ጀልባ የአባታቸው ናት። አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን በእሷ ሰው ሲያሻግሩ ኖረው አረፉ። ጀልባዋ ውሃ ስለምታስገባ፣ ውሃው የሚጨለፍበት ዝገት የበላው ጣሳ ዛሬም ከመቀመጫው ሥር አለ። ዋና ያስተማሯትም በዚያው ጣሳ ነው፤ ጉም በወረደ ጠዋት ሐይቁ ውስጥ ይጨምሯትና ራቅ ብለው በመቅዘፊያው ጫፍ ይመቱታል፤ ሁለት ምት፣ ዝም፤ ሁለት ምት፣ ዝም። «ወደ ድምፁ ነይ የኔ ልጅ!» ምነው እነዚያ ጠዋቶች በተመለሱ!

ክንዷን ወርውራ ውሃውን ቀደደችው። የመጀመሪያውን ሰዓት ተኩል እየተጫወተች፣ ቀጣዩን ሁለት ሰዓት ጥርሷን ነክሳ አለፈችው። ከዚያ ነፋሱ ዞረ፣ ጉም እንደ ብርድ ልብስ ወደቀባቸው። ጀልባዋ ጠፋቻት። ወደ ግራ ዋኘች፣ ወደ ቀኝ ዋኘች፤ የት እንዳለች አላወቀችም።

«የት ነህ?» ጮኸች። ማዕበሉ አፏን ሞላው።

ቋ፣ ቋ። ዝም። ቋ፣ ቋ።

ወንድሟ ጣሳውን እየመታ ነበር፤ ልክ እንደ አባታቸው። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ሆነች። የዋና መነጽሯን ዕንባ ሞላው፤ ውሃ ያነሳት ይመስል! እያለቀሰች ወደ ድምፁ ዋኘች።

የጀልባዋ ጥላ ሲታያት ጣሳው በድንገት ዝም አለ።

«እቴ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» አለ ወንድሟ በሹክሹክታ።

ከተንሳፋፊ ቄጠማ ዳር ጉማሬ ብቅ ብሎ ውሃ ተፋ። ከእሷ እስከ እሱ ሃያ ክንድ ቢሆን ነው። አባቷ እንዳስተማሯት በጀርባዋ ተንጋላ ተንሳፈፈች፤ ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ጉማሬው አያት፣ አያት፣ ደስ ያላለችው መሰለና ሰመጠ። እስኪርቅ ድረስ ብርዱ አጥንቷ ውስጥ ገባ። መዋኘት ስትጀምር የቀኝ ባቷ ተኮማትሮ ድንጋይ ሆነ።

ይሄኔ ሞተር ተሰማ። የሐይቁ ብቸኛ የሞተር ጀልባ ባለቤት ነው፤ ጎብኚ ያመላልሳል፣ ምጥ የያዛት ሴት ግን «ወንበሬን ታበላሽብኛለች» ብሎ አይጭንም። አዲስ ጀልባ ከመጣ ብቸኛ መሆኑ እንደሚቀር ያውቃል። አጠገቧ አቆመ።

«ነይ ውጪ! በዚህ ጉም ማን ያይሻል? ደሴቷ አጠገብ አወርድሻለሁ።»

መሰላሉ ፊቷ ላይ ነበር። እውነቱ ይነገርና፣ እጇን ዘረጋች።

«ተንፍሺ እቴ» አለ ወንድሟ። ጮክ አላለም። «በአፍንጫ ሳቢ፣ በአፍ ልቀቂ። ይመጣል፣ ይሄዳል። እንዲህ አይደል የምትያቸው?»

ቃሉ የራሷ ነው። ወንድሟ ስንቷን ምጥ የያዛት ሴት በዚህች ጀልባ አምጥቶ፣ ከማዋለጃው ክፍል በር ውጪ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። ሳበች፣ ለቀቀች። ባቷ ቀስ እያለ ፈታ አለ። እጇን ሰበሰበች።

«ተወው» አለችው ባለ ሞተሩን፤ «ወንበርህ ይበላሽብሃል።»

ጉሙ ሲገፈፍ ደሴቷ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ነበረች። ጉልበቷ ግን አልቋል። ክንዷ አልነሳ አላት። ዳር ላይ በእሷ እጅ የተገላገሉ ሴቶች ተሰልፈው ነበር፤ አንዷ አፏ ላይ የመጣላትን ጮኸች።

«ግፊ!»

ሌሎቹም ተቀበሏት። «ግፊ! በርቺ! ትንሽ ቀረ! ራስ ታየ!»

አዋላጇ ውሃ ውስጥ ሆና ሳቀች፤ እየሳቀች ገፋች። በጉልበቷ አሸዋውን ነካች። ሴቶቹ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እየሳቁና እያለቀሱ አቀፏት። አሁን የሞተር ጀልባው አይቀርም።

ወንድሟ ግን አልወረደም። ጀልባዋ ውስጥ አቀርቅሮ በጣሳው ውሃ ይጨልፋል።

«ምን ሆንክ?»

«ደስ ብሎኝ ነው።» ጣሳውን አገላበጠው። «እንግዲህ የአባባ ጀልባ ሥራ ፈታች።»

ይህን አንድም ቀን አላሰበችውም ነበር። ብርድ ልብሱን እየጎተተች ተመልሳ ውሃው ውስጥ ገባች።

«አዲሱን የምትነዳው አንተ ነህ።»

«እኔ ሞተር የት አውቄ?»

«ትማራለህ። ጣሳውንም ይዘህ ትገባለህ። ጉሙ እንደሆነ አይቀር።»

ወንድሟ ጣሳውን በእጅጌው ጠረገና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እሷም ቀኑን ሙሉ ስትሸሸው የዋለችውን የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች፣ ግንባሯንም አስደገፈችበት።