በሸራው ግድግዳ ጀርባ

ተዋናዩ ሩፐርት ፕሪን ከታይፕ መጻፊያው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ክፍሉ የጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ይምሰል እንጂ ለአስቂኝ ፊልም የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ሸራ፣ በመስኮቱ የሚታየውም ከተማ ሥዕል ነው። እውነተኛው ነገር ደሙ ብቻ ነበር።

ሆሊውድ ውስጥ ፊልም መናገር የጀመረው በቅርቡ ነው። መርማሪው ኤመት ሎውሪ ሲደርስ ካሜራ አንሺው ዳን ሆስኪን በካቴና ታስሯል። ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ነበር፤ ሬሳውንም ያገኘው እሱ ነው።

«ስገባ ሞቶ ነበር» አለ ዳን።

«ይህን አንገትህ ላይ ገመድ ለሚያስገባው ንገረው» አለ ያሰረው ፖሊስ።

ሎውሪ ወደ ኮንራድ ቬይል ዞረ። ቬይል ድምፅ በሌላቸው ፊልሞች ስሙ የገነነ ተዋናይ ነው፤ ትናንት ግን ሚናውን ለፕሪን እንዲለቅ ተደርጓል።

«ዛሬ ምን አመጣዎት?»

«ልብሴን ልወስድ። በሸራው ጀርባ ሳልፍ ፕሪን ታይፑን ሲቀጠቅጥ ሰማሁ። ከዚያ ዳን ገባ።»

«ፕሪንን አላነጋገሩትም?»

«ምን ልበለው? እንኳን ደስ አለህ?»

ሎውሪ ሬሳው አጠገብ ያለውን ታይፕ አንድ ፊደል ተጫነ። ጣቱ ሰመጠ፤ ድምፅ ግን የለም። የሞተ ሰው እጅ የጨበጠ ያህል ቀፈፈው።

«ማነው ያፈነው?»

«እኔ» አለ የድምፅ ባለሙያው ኦስካር። «ትናንት ማይክሮፎኑ የያዘው የታይፕ ኳኳታ ብቻ ነበር። ዛሬ ጠዋት የክፍሉን ታይፖች ሁሉ በሱፍ ጨርቅ አፈንኳቸው።»

ሎውሪ ሁሉንም ከሸራው ጀርባ ሰበሰበ። ኦስካር በወዲያኛው በኩል በታይፑ በሙሉ ኃይሉ መጻፍ ጀመረ። የሰዎቹ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ፤ ለማይክሮፎኑ ሲባል አየር ማራገቢያ እንኳ አይከፈትም።

«አቶ ቬይል የሰሙት የትናንቱን ነው» አለ ሎውሪ በዝግታ። «ታይፖቹ መታፈናቸውን አያውቁም፤ ከመታፈናቸው በፊት ተሰናብተዋልና። ፕሪን በሕይወት ነበር የሚያሰኝ ድምፅ ለምን ፈጠሩ? ዳን ሲገባ ፕሪን ሞቶ እንደነበር ስለሚያውቁና ግድያውን በዳን ላይ ሊያላክኩ ስለፈለጉ ነው። ከዳን ሌላ ይህን በእርግጥ የሚያውቀው ደግሞ ገዳዩ ብቻ ነው።»

ቬይል ሸራውን በመዳፉ ነካው።

«በእኔ ወንበር ተቀምጦ የእኔን ቃል ያጠና ነበር» አለ። «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።»

ፖሊሱ የዳንን ካቴና ፈቶ ለቬይል አጠለቀለት። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ዳን ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ሁለት እጆቹን አሁንም እንደታሰሩ ገጥሞ ይዟቸዋል።

«ሂድ እንጂ ወንድሜ» አለው ሎውሪ። «ነጻ ነህ።»