የታችኛው ጸሎት ቤት አባል

ዶርካስ እሑድ ከቀትር በኋላ ዘወትር የምታደርገውን አደረገች፤ የሻይ ስኒዋን አጠበች፣ ማስታወሻ ደብተሯን በብብቷ ሸጎጠች፣ ቁልቁለቱን ወረደች። ጡረታ የወጣች የታሪክ መምህርት ናት። ሰባት ቤትና ሁለት ጸሎት ቤት ብቻ ወዳሏት ወደዚች የእንግሊዝ ገጠር መንደር ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመት ቢሞላትም፣ መንደርተኛው ዛሬም «እንግዳዋ» ነው የሚላት። ይህ ያንገበግባታል። ከጎረቤቷ ከሄስተር በቀር በሯን ያንኳኳ ሰው የለም። የመንደሩን ታሪክ መጻፍ የጀመረችውም አንድ ቀን ከእነሱ እንደ አንዷ እንዲቆጥሯት ብላ ነው።

ዕለቱ የመከር ምስጋና ነው። በዚህ ቀን መንደሩ ሁሉ ላይኛው ጸሎት ቤት ይሰበሰባል፤ ታችኛው ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው።

«ባዶውን እንዳይውል ብለው አንዳንዴ ሰው ያስቀምጡበት ነበር የጥንቶቹ» አለቻት ሄስተር፣ የታችኛውን ጸሎት ቤት ትልቅ ቁልፍ ይዛ ከፊት ከፊት እየሄደች። «ዘንድሮ አንቺ እንድትቀመጪ ብለናል። ከእንግዲህ የኛው ነሽ።»

ዶርካስ እንባዋ መጣ።

በሩ ሲከፈት የወጣው ሽታ ግን የተዘጋ ቤት ሽታ አልነበረም፤ የራሰ የሱፍ ካፖርት፣ የቀለጠ ሻማ፣ ከሥሩም የብዙ ሰው ትንፋሽ የሚመስል ሙቀት ነበረው። መስኮቶቹን ሐረግ ስለወረሳቸው የቀኑ ብርሃን ከደጃፉ አላለፈም። አግዳሚዎቹ ሁሉ አቧራ ለብሰዋል። የፊተኛው ብቻ ተወልውሏል፤ ሄስተር ወራት ሙሉ ስትጠልፈው የከረመችው ትራስም ተቀምጦበታል። የማን እንደሆነ ስትጠይቃት ሄስተር «የወዳጅ ነው» ብላት ነበር። የተጠለፈው ስም የራሷ የዶርካስ ነው።

«መዝሙሩ ሊጀመር ነው፤ ልድረስ» አለች ሄስተር፣ ዐይን ዐይኗን ሳታያት። በሩ ተዘጋ። ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።

ልማዳቸው ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። የእጅ ባትሪዋን ስታበራ መድረኩ ላይ የአባላት መዝገቡን አየች፤ ስንት ዓመት ስትለምናት ሄስተር «ጠፍቷል» ያለቻት መዝገብ። የመጀመሪያው ገጽ እንደሚለው፣ ሁለቱ ጸሎት ቤቶች በተጣሉበት ዓመት ወረርሽኝ ገባ፤ የላይኞቹም አርባ አንዱን የታች ምእመናን በቁማቸው እዚሁ ቆለፉባቸው። ከሥሩ በሌላ ሰው የእጅ ጽሕፈት «ዝማሬያቸው አላቆመም። አንድ ሰው ስንሰጣቸው ግን ለብዙ ዓመታት ዝም ይላሉ» ተብሏል። ከዚያ ወዲህ በየሃያ በየሠላሳ ዓመቱ አንዳንድ ስም ተጽፏል፣ ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጡ። የአንዳቸውም መቃብር በመንደሩ የለም፤ መቃብሮቹን አንድ በአንድ የመዘገበችው ራሷ ናት።

ከላይኛው ጸሎት ቤት መዝሙር ተሰማ። የመጀመሪያው አንጓ አልቆ ጸጥ ሲል፣ ሁለተኛውን ከኋላዋ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ብዙ ሆነው ቀስ ብለው ተቀበሉት። አግዳሚዎቹ በየተራ ሲጢጥ አሉ።

በሩን በሁለት እጇ ደበደበች። «ሄስተር! እኔ እኮ ነኝ!»

«አውቃለሁ፣ የኔ ውድ» አለ የሄስተር ድምፅ፣ እዚያው ከበሩ ማዶ፣ በርኅራኄ። «ትራሱ ላይ ተቀመጪ። ቆሞ መጠበቅ ያደክምሻል።»

ዶርካስ ወደ መድረኩ ተመልሳ ሮጠች። የሚሞቅ ትንፋሽ ማጅራቷን ሲነካት መብራቱን ወደ መዝገቡ መለሰች፤ የመጨረሻው ስም የእሷ ነበር፣ በሄስተር የእጅ ጽሕፈት፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣ ቀኑም ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሄስተር ትኩስ የፖም ኬክ ይዛ «እንኳን ደህና መጣሽ» ልትላት በሯን ያንኳኳችበት ቀን።