ከግቢ ውጭ ሆኖ መክፈት

«ፈርሚ እንጂ! እስክሪብቶ አይናከስም!»

ጓደኛዋ ደብተሩን አፍንጫዋ ሥር ደቅናዋለች። ይቺን ልጅ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ጣቶቿ ኪቦርድ ላይ ሲሮጡ ያየ ሁሉ «መብረቅ» ነው የሚላት። ፈርሚ የተባለችውን ደግሞ «ጭምት» ይሏታል። ካልጠየቋት አትናገርም፤ ቢጠይቋትም ግማሹን ነው የምትመልሰው።

«አልከፈትኩትም እኮ» አለች ጭምት።

«ምኑን ነው የምትከፍቺው? ቁጥሩን እይ! አሮጌው ማሽን ላይ አራት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል። ክላውዱ ላይ አራት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት። አንድ አልጎደለ፣ አንድ አልተረፈ። በቃ! የኳስ ጨዋታው ሊጀመር ነው፣ ነይ ቦታ እንያዝ።»

ጭምት ፈረመች። ደስ አላላትም፤ አልከፋትምም።

ከአምና ወዲህ እንዲህ ናት። ዘጠነኛ ክፍልን ወድቃ ስትደግም፣ አብረዋት የተማሩት ሁሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ። መጀመሪያ አለቀሰች። ኋላ ለቅሶው ቆመ፤ ሲቆም ግን ሳቁንም ይዞት ሄደ። ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ ሆነች፤ ክንዱ አለ፣ የራስም ነው፣ ቢቆነጥጡት ግን አያምም። አዲሱ ክፍል ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች መብረቅ ብቻ ናት። «ይሄ ወንበር ተይዟል? ባይያዝም ተይዟል» ብላ ዘፍ አለችበት። ወደ ኮምፒውተር ክበቡም እጇን ጎትታ ያስገባቻት እሷው ናት። ከእሷ ሌላ በእረፍት ሰዓት የሚያናግራት ሰው የላትም።

የክበቡ ሥራ የትምህርት ቤቱን ፋይል ከአሮጌው ማሽን ማውጣት ነው። የኮምፒውተር አስተማሪዋ ስታስረዳ እንዲህ አለች፦ «ክላውድ ስትባሉ ሰማይ ሰማይ አትዩ። የሰው ማሽን ነው፤ ተከራይታችሁ ዕቃችሁን ታስቀምጡበታላችሁ። ስምና ውጤት ከግቢ አይወጣም፤ ቢሮ ባለው በራሳችን አዲስ ማሽን ላይ ይቀመጣል። የተማሪዎች ሥራ፣ ቪዲዮው፣ ስዕሉ፣ የቤተ ሙከራው፣ እሱ ከባድ ስለሆነ ሁለት ድርጅቶች ጋ ይሄዳል።»

«ለምን ሁለት ጋ፣ ቲቸር?»

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሁለቱም ቢሰበሩስ?» አለች መብረቅ።

«ያኔማ ትወድቂያታለሽ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪዋ ግን ወዲያው አንድ ሕግ አወጣች። አንዷ ትቀዳለች፤ ሌላዋ ከግቢው በር ውጭ ወጥታ በስልኳ እየከፈተች ታያለች፤ ከዚያ ሁለቱም ይፈርማሉ። «ቤት ውስጥ ሆናችሁ በሩ ይከፈት አይከፈት ምን ያሳውቃችኋል? ውጭ ቆማችሁ ሞክሩት።»

ነገ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የጥገናው ሰውዬ መጥቶ አሮጌውን ማሽን ያጠፋዋል፤ ጠርጎ፣ ነቅሎ፣ ጭኖ ይሄዳል። እዚያ ውስጥ ያለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች የሦስት ዓመት ሥራ ነው። በሚቀጥለው ወር ለኮሌጅ ማመልከቻ የሚልኩት እሱኑ ነው።

ጭምት ከጨዋታው በኋላ ቤቷ ገብታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ስልኳን አውጥታ አንዱን ፋይል ነካችው። «ፋይሉ አልተገኘም» አላት። ሌላ ነካች። «አልተገኘም።» ሁለተኛው ድርጅት ጋ ገባች፤ እዚያም ያው። መጠናቸውን አየች። አንድ ሙሉ ቪዲዮ የአንድ መስመር ጽሑፍ ያህል እንኳ አይከብድም።

ያኔ ገባት። መብረቅ የቀዳችው ሥራውን አይደለም፤ የሥራውን አድራሻ ነው። በክበቡ ኮምፒውተሮች ላይ የተደረደሩት ምልክቶች ሁሉ «አሮጌው ማሽን ጋ ሂድ» የሚሉ ጠቋሚዎች ናቸው። እነሱን ጠቅልላ ወደ አንዱ ክላውድ ልካ፣ ከዚያው ወደ ሌላው ገልብጣቸዋለች። ሁለቱም ባላ የተተከሉት አየር ላይ ነው።

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና አለች።

«ምነው ልጄ? ስልኩ ላይ ደርቀሽ ቀረሽ።»

«የትምህርት ቤት ነገር ነው።»

«ተበላሸ?»

«ገና አልተበላሸም። ነገ ነው የሚበላሸው።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?»

«አልጨነቀኝም፣ እማ።»

እውነቷን ነው። እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው» አለች። «ፈጣሪ ይርዳሽ እንጂ እኔማ ምን አውቃለሁ።»

ጠዋት መብረቅን ደረጃው ሥር ጠብቃ ነገረቻት። መብረቅ ሳቀችባት። ጎትታ ወደ ክበቡ ክፍል አስገባቻትና አንዱን ፋይል ነካችው። አንድ ልጅ አረንጓዴ ፈሳሽ ብርጭቆ ውስጥ ሲያፈላ ታየ።

«ይኸው! የሞተው ያ ሙዝየም የሚገባው ስልክሽ ነው!»

«እዚህ ስለሆንን ነው የሚከፈተው። አሮጌው ገና ስላልጠፋ ነው።»

የመብረቅ እጅ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቁጥሩን አየች፤ መጠኑን አየች። ከዚያ ተነስታ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ለማንም አልተናገርሽም አይደል?»

«ለማንም። ለቲቸር እንንገራትና እንደገና እንቅዳው።»

«እንደገና መቅዳት ሙሉ ቀን ይፈጃል። ለምን ስትለን ምን ልንላት ነው? የኮምፒውተር ሥልጠና አለ፤ ከክበቡ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚላከው። እኔን ልትልክ ነው፣ ታውቂያለሽ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ፣ አንድ ሰው ሌላ ቦታ ቅጂ ሳይኖረው አይቀርም። ልጆቹም ቤታቸው ይኖራቸዋል።»

«ባይኖራቸውስ?»

«አንቺ ደሞ! አምና ቀና ብለው እንኳ ላላዩሽ ሰዎች ነው የምታስቢው? ማን ነበረሽ? ማን አጠገብሽ ቁጭ አለ?»

ያለችው እውነት ነው። ጭምት ቦርሳዋን አንስታ ወደ ክፍል ሄደች።

ሦስት ክፍለ ጊዜ አለፈ። አስተማሪዎች ገቡ፣ ወጡ። ጭምት ሰሌዳው ላይ እያፈጠጠች ለአሥራ ሁለተኞቹ ለማዘን ሞከረች፤ አላዘነችም። መብረቅን ስታጣት ምን እንደምትሆን አስባ ለመፍራት ሞከረች፤ አልፈራችም። ሰው ልብህ የሚልህን ስማ ይላል። የእሷ ልብ ዝም ብሏል። ልብ ዝም ካለ እንግዲህ የሚቀረው የምታውቀው ነገር ብቻ ነው፤ የምታውቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ ፋይሉ የለም።

እኩለ ቀን ላይ የጥገናው ሰውዬ ሽቦ እየጠቀለለ ደረሰ። «ቶሎ በሉ እህቶቼ፣ መኪናዬን መንገድ ዘግቼ ነው ያቆምኩት!»

አስተማሪዋ ደብተሩን ገለጠች። «የቀዳሽው አንቺ ነሽ» አለች መብረቅን። ወደ ጭምት ዞረች። «የከፈትሽው አንቺ። ከፍተሽዋል አይደል?»

«ከፍታዋለች ቲቸር፣ አብረን ነው ያየነው» አለች መብረቅ ቶሎ ብላ።

«አንቺን አልጠየቅኩም።»

ሰውዬው ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አሳርፏል።

«አልከፈትኩም» አለች ጭምት። «ሳልከፍት ነው የፈረምኩት። ቤት ሄጄ ስሞክረው የለም። የተቀዳው አድራሻው ብቻ ነው።»

አስተማሪዋ መነጽሯን ገፋ አድርጋ ስልኳን ከክፍሉ ኔትወርክ አላቀቀችና አንድ ፋይል ነካች። ሌላ ነካች። ፊቷ ሲለወጥ ታየ።

«እጅህን አንሳ ወንድሜ» አለች። «ማክሰኞ ና።»

«ኧረ ቲቸር፣ ማክሰኞማ...»

«ማክሰኞ አልኩህ፣ ወንድምዬ።»

ሰውዬው እያጉረመረመ ሽቦውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። አስተማሪዋ ደብተሩን ዘጋችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ለሥልጠናው የሚሄደውን ሰው ደግሜ አስብበታለሁ። ይሄ ወር እስኪያልቅ ሁለታችሁም አትፈርሙም። አሁን እኔው ራሴ ልቀዳ ነው። ውጭ ቆሞ የሚከፍትልኝ ሰው ግን እፈልጋለሁ። ማን ነው?»

መብረቅ ቦርሳዋን አነሳች። በጭምት አጠገብ ስታልፍ ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ፤ ቀና ብላ አላየቻትም።

«እኔ» አለች ጭምት።

ከግቢው በር ውጭ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስልኳ ነዘረ፤ የአስተማሪዋ መስሏት ከፈተችው። የመብረቅ ነው። «ሰኞ ከሌላ ሰው ጋር ተቀመጪ።»

ሁለቴ አነበበችው። የሆነ ስሜት ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም። መንገዱ ላይ አንድ መኪና ጥሩንባ እየነፋ አለፈ።

ከዚያ የመጀመሪያው ፋይል ደረሰ። ነካችው። አንዲት የማታውቃት ልጅ ሰሌዳ ፊት ቆማ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ስሟን ተናገረች። ጭምት እስከ መጨረሻው አየቻት።

ሁለተኛውን ነካች።