አሥር ሜጋባይት

ታክ ዱክሱ የሾርባውን ኩባያ ከሰነድ ክፍሏ ሠራተኛ አጠገብ አስቀመጠ። አንድ ፍላሽ ዲስክ ከኩባያው ሥር ተለጥፏል።

«አጎቴ፣ የተከተለዎት ሰው አለ?»

«ቢከተሉኝስ? ከዚህ በላይ ምን ሊያደርጉኝ!» ሽማግሌው የብየዳ ተቆጣጣሪ ዓይኑን ከመርከብ ማምረቻው አጥር ላይ አላነሳም። «ሰርጓጅ መርከቧ ነገ አርባ መርከበኛ ልጆች ይዛ ለሙከራ ትጠልቃለች። የብየዳው ስንጥቅ ራጁ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። አላጸድቅም ብዬ የጻፍኩበት ገጽም አብሮ አለ። እሱን አደራ! ፊርማዬን አስመስለው ፈርመውብኛል።»

ደረቷ ላይ ያለው መታወቂያ «ዩን ሶሂ፣ የሰነድ ክፍል ሠራተኛ» ይላል። ሴኡል ያለው የባሕር ኃይል ደኅንነት ግን «ክር» ብሎ ነው የሚያውቃት።

ከግቢው ፍላሽ ይዞ መውጣት አይታሰብም፤ በር ላይ ፍተሻ አለ። ስልክም ጠዋት ይነጠቃል። የቀረው የኩባንያው ኢሜይል ነው። እሱም ከአሥር ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም።

የታክ ሰነድ ዘጠና ሜጋባይት ነው።

ማሳነሱ የ«ሳቢሳ» ሥራ ነበር። በዚህ የምስጢር ስም የሚጠራው ፒዮ ጁንሃ የኮምፒውተር ክፍል ባልደረባ ነው፤ በግቢው ውስጥ ከእሷ ሌላ ያለው የደኅንነቱ ሰው እሱ ብቻ ነው። ፋይሉን ገልብጦ ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

«ስምንት ሜጋ ሆኗል። ላኪው።»

«ቆይ፣ ልየው።»

«ምኑን ነው የምታዪው? ላኪው እንጂ!»

ራጁን አጎላችው። ብየዳው ግራጫ ጭቃ መስሏል።

ስንጥቁ የለም።

«ጽሑፉ ጥርት ብሎ ራጁ ብቻ ነው የደበዘዘው። ሆን ብለህ ነው!»

ፒዮ ሳቀ። «አሳንስ አልሽኝ፣ አሳነስኩ። በይ አሁን ለጥበቃዎቹ ታስረጃቸዋለሽ።»

ወጣ። ቁልፉ ከውጭ ዞረ።

ፍላሹን ከካልሲዋ ውስጥ አውጥታ ሰካች። የሽፋን ገጹን ሰረዘች። የዎርክሾፑን ፎቶዎች ሰረዘች። የራጆቹን ባዶ ጠርዝ ቆረጠች፤ ጥራታቸውን ግን አልነካችም። አሁንም ከአሥር በላይ ነው። ለሁለት መክፈል አለባት፤ ራጁ ለብቻ፣ የታክ ገጾች ለብቻ።

የቱ ይቅደም?

ራጁን ላከች።

መስመሩ ይንፏቀቃል። ኮሪደሩ ላይ የጥበቃዎቹ ቦት ጫማ ድምፅ ተሰማ።

ተልኳል።

የታክን ገጾች አስከተለች። ግማሽ ደረሰ።

ቆመ። ፒዮ መስመሩን ቆርጦታል።

ፍላሹን ልትነቅል እጇን ስትዘረጋ በሩ ተበረገደ። «ያዛት! ያቺን ውሻ ያዛት!»

በመስኮት ዘለለች። የምሳ ደወል እየጮኸ ነበር፤ ግራጫ ጃኬት የለበሰ የሠራተኛ ጎርፍ ዋጣት።

ራጁ በጊዜ ስለደረሰ ሰርጓጇ አልጠለቀችም። ለኩባንያው ያደረው ፒዮ ፍላሹን አጥፍቶ ከአገር ወጣ። ኩባንያው ብየዳውን ያጸደቀው ታክ ነው ብሎ አስመስሎ የፈረመውን ፊርማ ለዓቃቤ ሕግ አቀረበ።

«እኔ ልመስክርለት» አለች በስልክ።

«በየትኛው ስምሽ?» አለ አለቃዋ። «እንዲህ የምትባል ሴት እዚያ ሠርታ አታውቅም።»

«አለቃ፣ ሰውዬው እኮ…»

ስልኩ ተዘጋ።

ወሩ ሳያልቅ ጉንሳን ከተማ ውስጥ፣ በሌላ ስም፣ ኑድል ቤት ተቀምጣ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ታክ እጁ ታስሮ ከመኪና ሲወርድ ታየ። አንገቱን ደፍቷል።

«ይሄ ርጉም!» አለች የኑድል ቤቱ ባለቤት ሳህኑን እያስቀመጠች። «የሰው ልጆች ባሕር ውስጥ ሊጨርስ! ምነው እህቴ፣ ፈዘዝሽ? ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አላውቀውም» አለች፤ መብላት ጀመረች።