ከዳንቴሉ ሥር

አርብ ጠዋት፣ እንዳላማው የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰቡና ባርኔጣቸውን አውልቀው እንዲህ ሲሉ አስታወቁ፦

«በከፍተኛ ኀዘን የምገልጽላችሁ፣ የስብሰባ አዳራሻችን አረንጓዴ የጠረጴዛ ልብስ ከትናንት ጀምሮ የት እንደ ደረሰ አልታወቀም።»

ሠራተኛው አንገቱን ደፋ። ከሁሉ ዝቅ አድርጎ የደፋው ቀያሹ እንዳላማው ነበር። ኃላፊው ይህን አይተው «እንዲህ ያለ ተቆርቋሪ ያብዛልን» አሉ በልባቸው።

በዚያው ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የግብርና ባለሙያው ጸጋው፣ ከቤቱ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል፣ መደብ ላይ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ሚስቱ የኔአለም ናት፤ ከጾሙ ቅዳሴ ስትመለስ።

ኢንስፔክተር ሥራነሽ ደርሳ ሬሳው ላይ የተጣለውን ነጠላ ገለጥ አደረገች። ከንፈሩ ቀልቷል። ጥፍሩም እንዲሁ። ዐቢይ ጾም ካጋመሰ ሰው ይልቅ ከሠርግ ቤት የመጣ ይመስላል። እንዲህ ያለ፣ ከቋሚው ይልቅ ያማረበት ሬሳ ከዚህ በፊት ያየችው አንድ ክረምት ነው፤ ከሰል አንድደው፣ በር ዘግተው የተኙ ባልና ሚስት ነበሩ።

«እዚህ ከሰል ነዶ ነበር?»

«ኧረ የለም፤ ምንም አልነደደም» አለች የኔአለም ቶሎ። «ደክሞት ጋደም እንዳለ ነው የቀረው።»

ቶሎ የመጣ መልስ ለሥራነሽ እንደ ቀረበላት ወንበር ነው፤ ትቀመጥበታለች እንጂ አታልፈውም።

ቅዳሜ የሟቹ ወንድም አስማማው ከደምበጫ ገሥግሦ መጣና ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ጮኸ። «ወንድሜን አበላችው! ሽሮ ትታለት ሄደች፤ በልቶ ሞተ! ቤቱን ለብቻዋ ልትወርስ!»

አለቃዋ ኮማንደር ይታያል ሥራነሽን አስጠራት። ሽጉጡን ከግራ ወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ተቀመጠ።

«ከሴትዮዋ በቀር እዚያ ግቢ የነበረ ሰው የለም። እስከ ሣልስቱ እንታገሳት፤ ከዚያ ትያዝ።»

«ጌታዬ፣ የሐኪሙ ቃል ገና አልመጣም።»

«አንቺ ልጅ፣ ቀላሉን ነገር አታወሳስቢ።»

የኔአለም እስከ ሣልስት ጊዜ አላት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆቿን የሚያይላት ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ሥራነሽ ተመልሳ ሰርቪሷ ክፍል ገባች። መሐል ላይ ነጭ ዳንቴል የለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ አለ። የየኔአለም ጎረቤት ሂዊ ሻይ አመጣችላት። ሥራነሽ ብርጭቆውን ዳንቴሉ ላይ አስቀመጠች፤ ብርጭቆው ዘመም አለና ቀሚሷ ላይ ተደፋ።

«ውይ በሞትኩት!» አለች ሂዊ።

«አንቺማ አትሙቺ» አለች ሥራነሽ፤ ዳንቴሉን በጫፉ ይዛ ገለጠችው።

ከሥሩ አዲስ አረንጓዴ ጨርቅ ተወጥሯል። ማስቲሹ ገና ይሸታል። ክንድ የሚያርፍበት ጠርዝ ከአሮጌ ሶፋ በወጣ ስፖንጅና ቆዳ ተለብጧል። በየመቀመጫው በስተቀኝ የብርጭቆ ማስቀመጫ ጉድጓድ ተበስቶ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ገብቶበታል። አምስት ናቸው፤ አምስተኛው ብቻ በስተግራ ነው። አንዱ ማዕዘን ሳይጣበቅ ቀርቷል፤ ብሩሹ እዚያው ደርቆ ተጣብቋል።

«የኔአለም፣ እህቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የ... የማኅበር ጠረጴዛ ነው።»

«የየትኛው ታቦት?»

የኔአለም መልስ ፈለገች፤ ያሰበችው ታቦት ሁሉ አሳፈራት። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«ፖከር ይጫወቱበታል፣ እትዬ። እኔ ቅዳሴ ስሄድ ይገባሉ፤ ስመለስ የሉም። እነማን እንደሆኑ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። በዐቢይ ጾም፣ በዕለተ አርብ፣ በቅዳሴ ሰዓት፣ ከቁማር ጠረጴዛ አጠገብ ሞተ ይባልለት? ካርታውን አቃጠልኩት። ከጠረጴዛው ሥር የነበረውን የከሰል ምድጃ አወጣሁ። መስኮቱ ላይ የወተፉትን ብርድ ልብስ ነቀልኩ። ዳንቴሉን ከሳሎን አምጥቼ አለበስኩት።»

«በሩስ? መቀርቀሪያው ተገንጥሏል።»

የኔአለም ወደ ጓዳ ገብታ ከጤፍ ማዳበሪያው ውስጥ ቡጢ የሚያክል ጓጉንቸር አወጣች፤ የተገነጠለው መቀርቀሪያ አብሮት ተንጠልጥሏል።

«ከውጭ ተቆልፎበት ነበር። በዶማ ነቀልኩት። ጓጉንቸሩ የእኛ አይደለም።»

«ይህን ሁሉ ደብቀሽ እኮ ራስሽን ነው የከሰስሽው!»

«መታሰር ያልፋል፣ እትዬ። ስድቡ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።»

ሥራነሽ ጓጉንቸሩን ተቀብላ በእጇ መዘነችው። በሩን የነቀለችው የኔአለም ራሷ፣ ከሰሉን ያወጣችው ራሷ። አሁን እውነቱን ብትናገር የሚያምናት የለም። እውነቱ ሌላ አፍ ያስፈልገዋል።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገብታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ሰውየው የሞተበትን ክፍል ያያል። ሦስት ሰዎች ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። አንዱ መምህር ተስፋዓለም ነው፣ የሒሳብ አስተማሪ። ሁለተኛው እንዳላማው። ሦስተኛው የእድሩ ዳኛ ጋሽ አምደሚካኤል ናቸው።

«ጠረጴዛ?» አለ ተስፋዓለም ሲጠየቅ። «ጸጋው ጠረጴዛ ነበረው እንዴ?»

«ጉድጓዶቹ የተሠመሩት በጠመኔ ነው፤ ከሥር ሳይጠፋ ቀርቷል። ጠመኔ የሚሰካበት ትልቅ የእንጨት ኮምፓስ ያለው ማን ነው፣ መምህር? ቄሱ ናቸው?»

መምህሩ መነጽሩን ወልውሎ መልሶ አጠለቀው፤ ነገሩ ግን አልጠራለትም።

እንዳላማው ደፈር አለ። «እኔ አርብ ለቅየሳ ሮብ ገበያ ከተማ ነበርኩ።»

«ሮብ ገበያ የሄደ ሰው በጫማው ጭቃ ይዞ ይመለሳል። አንተ አረንጓዴ ክር ነው ይዘህ የመጣኸው። መሥሪያ ቤታችሁ ኀዘን ላይ ነው አሉ።»

እንዳላማው ጫማውን ከወንበሩ ሥር ደበቀ።

ጋሽ አምደሚካኤል ግን አልተናወጡም። «ልጄ፣ እኔ አርብ ከአባ ገብረ ሚካኤል ጋር ነው ያመሸሁ። ጠይቂያቸው።»

ጠየቀቻቸው። የጋሽ አምደሚካኤልም የጸጋውም የነፍስ አባት ናቸው፤ አልዋሹም።

«እውነቱን ነው። ያን ዕለት የቅዳሴ ተራዬ ስላልነበረ የንስሓ ልጆቼን ልጎብኝ ብዬ ወጣሁ። የጸጋውን የግቢ በር አንኳኳሁ፤ ዝም። ገብቼ ሰርቪሱን ባየው ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። የሉም ብዬ ወደ አምደሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። እሱም ገና መግባቱ ነው መሰለኝ፣ ላብ በላብ ሆኗል። እስኪመሽ ስለ ጾም አስተማርኩት። እንደዚያ ቀን አድምጦኝ አያውቅም፤ አለቀሰ እንኳ!»

ስትወጣ ሴቶቹ የእድሩን ድስት ያጥባሉ። «ድንኳኑ ቶሎ ተተከለ፤ ጎበዞች ናችሁ» አለቻቸው።

«ምን ጉብዝና አለው፣ እቴ! የዕቃ ቤቱ ጓጉንቸር ጠፍቶ በሩ በሽቦ ታስሮ አገኘነው። ፈትተን ገባን።»

ሥራነሽ አመስግና ሄደች።

በሣልስቱ ሁሉንም ሰርቪሷ ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ የኔአለምን፣ አስማማውን፣ አባን፣ ሦስቱን ሰዎች። ሦስቱ ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። ኮማንደሩ ሴትዮዋን ይዞ ሊሄድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሥራነሽ ዳንቴሉን ገፈፈችው። አስማማው አረንጓዴውን ጨርቅ አይቶ አማተበ።

«ሐኪሙ ቃሉን ልኳል» አለች። «ጸጋውን የገደለው የከሰል አየር ነው፤ ሽሮው ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው አርጅቶ ነበርና አርብ ሊያድሱት ተሰበሰቡ። እንዳላማው ጨርቁን አመጣ። መምህር የቆዩትን ጉድጓዶች እንደገና አሠመረ። ድምፅ እንዳይወጣ መስኮቱን ወተፉ፤ ማስቲሹ ቶሎ እንዲደርቅ ከሥር ከሰል አነደዱ። ጸጋውን ቀድሞ ራሱን አዞረው፤ መደቡ ላይ ጋደም አለ። ይህን ጊዜ በር ተንኳኳ። ብሩሹን ጥለው በጓሮ አጥር ወጡ። የመጨረሻው ሰው በሩን ከውጭ ቆለፈ።»

«ማነው የቆለፈው?» አለ አስማማው።

«ምድጃው የእድሩ ነው፤ እንደ እድሩ ድስቶች ሆዱ ላይ የቀይ ቀለም ምልክት አለው። ያን ዕለት ከዕቃ ቤቱ ያወጣው ሰው ጓጉንቸሩን ከፍቶ ኪሱ ከትቶታል። ለዚህ ነው ዕቃ ቤቱ በሽቦ ታስሮ የተገኘው። ጋሼ፣ የወገብዎን ቁልፎች ያውሱኝ።»

ጋሽ አምደሚካኤል ቁልፎቹን ፈትተው ሰጧት። ሥራነሽ ከጤፍ ማዳበሪያው የወጣውን ጓጉንቸር አቅርባ ሞከረች፤ ሁለተኛው ቁልፍ ገባ። ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። «ልገድለው አይደለም። ነቅቶ፣ ማስቲሽ በማስቲሽ ሆኖ ወጥቶ እንዳያጋልጠን ብዬ ነው። አባ ሲሄዱ ተመልሼ ልከፍትለት። እሳቸው ወደ እኔ ቤት መጡ! ስለ ጾም እያስተማሩኝ እንዴት ልነሣ? ወዴት ነው ቢሉኝ ምን ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። ቁልፉ ወገቤ ላይ ነበር።»

አባ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። አስማማው ወደ የኔአለም ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ያዘ።

«አንድ ነገር ቀረ» አለች ሥራነሽ። «ጉድጓዱ አምስት ነው፤ ከጸጋው ጋር አራት ሰው አገኘሁ። በስተግራ ያለው የማነው?»

ሦስቱ ሰዎች ጣራውን፣ ጫማቸውን፣ መስኮቱን አዩ።

«ለ... ለእንግዳ ነው» አለ ተስፋዓለም።

«ይሸፈን፣ እባካችሁ» አለች የኔአለም። «ሰው ይገባል።» ዳንቴሉን ራሷ መልሳ አለበሰችው፤ ጥሩ አድርጋ፣ በአራቱም በኩል ሳብ ሳብ አድርጋ።

«በቃ» አለ ኮማንደር ይታያል። «ጥሩ ሠርተሻል፣ ሥራነሽ። አቶ አምደሚካኤል ይያዙ፣ ሴትዮዋ ነፃ ናት። የጉድጓድ ቆጠራው ፋይል ውስጥ አይገባም።» ከጠረጴዛው ዙሪያ ባዶ ከነበሩት ሁለት ወንበሮች አንዱን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

ሂዊ ሻይ ይዛ ገባች። አስማማው ብርጭቆውን ዳንቴሉ ላይ ሲያኖር ተደፋበት። ሦስቱ ሰዎች የየራሳቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

ኮማንደሩ በግራ እጁ ተቀበለ። አንዴ ፉት አለ። «አየሽ፣ ሥራነሽ፣ የሰውን ስም በከንቱ ማጥፋት ነውር ነው» አላት ፊት ለፊት እያያት፤ እጁም ጠረጴዛውን ሳያይ ብርጭቆውን በስተግራው አኖረ።

ዳንቴሉ ሰመጠ። ብርጭቆው እስከ አንገቱ ገባ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።